ኦሲቲ፦ ዓይንን ሳይነካ ማኩላን የሚሸነሽን ብርሃን

ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ኤድና ሞል ዙሪያ ያሉትን ሕንጻዎች ቀና ብሎ ያየ ሰው የሕክምና ሰሌዳ አያጣም። የጥርስ አለ፣ የቆዳ አለ፣ የላቦራቶሪ አለ፣ የዓይንም አለ። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሉት የከተማችን ሰው፣ ቦሌም ይሁን ገርጂ ወይም ሲኤምሲ፣ አንድ ቀን ከዓይን ሐኪም አንደበት «ኦሲቲ ተነስተው ይምጡ» የሚለውን መስማቱ አይቀርም። ብዙው ሰው ራጅ ይመስለዋል። ዋጋውን ይጠይቃል፣ ይከፍላል፣ አገጩን ማሳረፊያው ላይ አድርጎ አንዲት የበራች ነጥብ ያያል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀለም የበዛበት ወረቀት ተቀብሎ ይወጣል። ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚያስረዳው ካላገኘ አጣጥፎ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ያ ወረቀት ከመሳቢያ መውጣት ያለበት ወረቀት ነው። በተለይ ማኩላቸው ከዕድሜ ጋር መጎዳት ለጀመረ ሰዎች።

ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነ፣ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሕብረ ሕዋስ ነው። ማኩላ ደግሞ የሬቲና እምብርት ናት፤ ስፋቷ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊደል የምንለየው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው፣ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ፊቱን አይተን የምናውቀው በርሷ ነው። የተቀረው የሬቲና ክፍል ከጎን የሚመጣ መኪና ያሳየናል፣ ደረጃ ያወርደናል፣ ማንበብ ግን አያስችለንም። ስለዚህ ማኩላው የተጎዳ ሰው ጨለማ አይወርሰውም። በሩን አግኝቶ ይወጣል፣ ሰላምታ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ጎረቤትም «ሲሄዱ አያለሁ፣ እኔን ሲያገኙ ግን ያላዩ ይመስላሉ» ብሎ ይቀየማል።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በተለይም ከ60 እና ከ70 በኋላ፣ ከሬቲና ሥር ያለው የሴሎች ንጣፍ እንደ ወጣትነቱ ቆሻሻውን አያጸዳም። ያልተወገደው ስብና ፕሮቲን እየተጠራቀመ ድሩሰን የሚባሉ ቢጫ ጉብታዎችን ይሠራል። ትንንሾቹ በብዙ አረጋውያን ዓይን ውስጥ ይገኛሉ፣ ብቻቸውንም ያን ያህል አያሳስቡም። ወርዳቸው ከ125 ማይክሮን ሲያልፍ ሐኪሙ መከታተል ይጀምራል። ይህ የበሽታው ደረቅ ዓይነት ነው፤ ከታማሚዎቹ አብዛኛው በዚህ ውስጥ ነው፣ ጉዳቱም በዓመታት የሚለካ ነው። ከአሥር ታማሚ በአንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጠው ላይ ግን ከሥር ካለው የደም ሥር መረብ አዳዲስ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይበቅላሉ። ግድግዳቸው ደካማ ስለሆነ ያፈሳሉ፣ ይደማሉ። እርጥቡ የሚባለው ይህ ነው። በሳምንታት ውስጥ ንባብን የሚነጥቅ ሲሆን፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከዚህ በሽታ ለሚመጣው ከባድ የእይታ መጥፋት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እርሱ ነው።

የበሽታው ተንኮል መጀመሪያ ላይ አለመታወቁ ነው። አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች ዘንድ ደግሞ ሌላ መሸፈኛ አለ፤ መዝሙሩን በቃላቸው ስለሚያውቁት ዓይናቸው የዘለለውን ቃል አፋቸው ይሞላዋል። እንዲህ ያሉ ሰው ድካማቸውን የሚያውቁት ዳዊቱን ሲደግሙ አይደለም፤ የመብራት ሂሳብ ወይም ከልጅ ልጅ የመጣ መልእክት ለማንበብ ሲሞክሩ ነው። ቤተሰብም «የዓይን ሞራ ነው፣ ሲበስል ይነሳል» ብሎ ያቆያቸዋል።

ሞራ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነበር። ትራኮማ 11.5 በመቶ ይዞ ተከተለ። የማኩላ መጎዳት ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ነበረው፤ ከግላኮማ ብዙም አይርቅም። ሞራና ትራኮማ ዘመቻ ያላቸው፣ አጋር ድርጅት ያላቸው፣ በየገጠሩ የሚታወቁ በሽታዎች ናቸው። ማኩላ ዘመቻ የለውም። አንድ ቀን ገብቶ በቀዶ ሕክምና የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ለዘመቻም አይመችም። ክትትል ይፈልጋል፣ ክትትል ደግሞ መሣሪያ ይፈልጋል።

የዓይንን ውስጥ ማየት ራሱ ከ200 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ችሎታ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1851 ብርሃን በመስታወት እያስገባ በሕይወት ያለ ሰው ሬቲና የሚታይበትን መመልከቻ ለዓለም አስተዋወቀ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው መርህ ይሠራሉ። በ1920ዎቹ የዓይንን ወለል በፊልም የሚያነሳ ካሜራ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች ፍሎረሲን የሚባለውን ቀለም በክንድ ደም ሥር ሰጥተው ወደ ሬቲና ሲደርስ በተከታታይ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል አሳዩ። የሚያፈስ ደም ሥር በዚህ መንገድ ይጋለጣል። ዘዴው አሁንም ይሠራበታል፣ ነገር ግን መርፌ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዱን ሰው ያቅለሸልሻል፤ በየወሩ የሚደረግ ምርመራ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ሬቲናን ከፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። ድፎ ዳቦ ላዩን አይቶ መብሰሉን መገመት ይቻላል፣ ውስጡን ለማወቅ ግን መቁረስ ያስፈልጋል። ሬቲናን መቁረስ አይቻልም። ኦሲቲ ያደረገው ነገር ይህን ነው፦ ሳይነካ ቆርሶ ጎኑን አሳየ።

የሐሳቡ መነሻ አልትራሳውንድ ነው። ድምፅ ልኮ የተመለሰበትን ጊዜ በመለካት ጥልቀት ማወቅ ይቻላል። በድምፅ ፋንታ ብርሃን ቢላክስ? ችግሩ የብርሃን ፍጥነት ነው። ብርሃን 10 ማይክሮን ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ በሚሊዮን ሚሊዮን ተከፍሎ ከሚገኘው ቅንጣት እንኳ በጣም ያንሳል፤ ይህን የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት የለም። መፍትሔው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ የፊዚክስ ብልሃት ሆነ። ብርሃኑን ለሁለት መክፈል፣ አንዱን ወደ ዓይን፣ ሌላውን ርቀቱ ወደታወቀ መስታወት መላክ፣ ሲመለሱም እንደገና ማገናኘት። ሁለቱ የተጓዙት ርቀት እኩል ሲሆን ሞገዳቸው ይደጋገፋል ወይም ይጠፋፋል። ከዚያ ንድፍ ብርሃኑ ከየትኛው ጥልቀት እንደተመለሰ ይታወቃል። ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰን፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው ይህን ሥራ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሁዋንግ ያኔ ገና ተማሪ ነበር፤ ስዋንሰን ደግሞ የመጣው ከመገናኛ ቴክኖሎጂ ሙያ ነው። የመጀመሪያው የገበያ መሣሪያ በ1996 ወጣ። ሦስቱ ሰዎች በ2023 የላስከር ሽልማት ተቀብለዋል።

መጀመሪያ ላይ መሣሪያው ዘገምተኛ ነበር፣ በሰከንድ ከ400 የማይበልጥ ነጥብ ብቻ ይለካ ነበር። ከ2006 ገደማ ወዲህ የመጡት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይለካሉ። ንብርብሮችን እስከ 5 ማይክሮን ድረስ ይለያሉ፤ የራስ ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። የሚጠቀሙት ዓይን በግልጽ የማያየውን ወደ ኢንፍራሬድ የሚጠጋ ደካማ ብርሃን ነው። ራጅ አይደለም፣ እንደ ራጅ ያለ ጎጂ ጨረርም የለውም። በየወሩ ቢደገም ዓይንን አይጎዳም።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ቀላል ነው። «እማማ፣ አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ፣ ግንባርዎን ጠጋ ያድርጉ። አረንጓዴዋን ኮከብ ይዩልኝ፣ ለጥቂት ሰከንድ አያርገብግቡ።» አንዳንዴ የሚመጣው መልስ ግን «ልጄ፣ ኮከቧ እኮ አትታየኝም» የሚል ነው። ይህ አለመታዘዝ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ኮከቧን የምታየው ቦታ ራሷ የታመመችው ማኩላ ናት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ አይቆጣም፤ ምልክቱን ያተልቃል ወይም እይታቸውን በሌላ መንገድ ይመራል። ታካሚን የሚያመናጭቅ አንሺ ያለበት ቦታ ጥሩ ፎቶ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የወጣው ምስል ሁለት ነገር አለው። አንዱ ጥቁርና ነጭ የሆነው የጎን ቁራጭ ነው፣ ሌላው ውፍረትን በቀለም የሚያሳይ ካርታ። ሰው ሁሉ የሚያየው ካርታውን ነው፣ ቀይ ካየ ይደነግጣል፣ አረንጓዴ ካየ ይደሰታል። ሐኪሙ ግን በቅድሚያ የሚያየው ቁራጩን ነው። ጤናማ ሬቲና መካከሉ ላይ እንደ ጎድጓዳ ዝቅ ይላል። ድሩሰን ካለ የታችኛው መስመር ይጎረብጣል። ፈሳሽ ካለ ጥቁር ክፍተት ሆኖ ይታያል፤ ታካሚዎች «ውኃ ቋጥሯል ተባልኩ» የሚሉት ይህንን ነው። ሴሎቹ የሞቱበት ቦታ ላይ ደግሞ ንብርብሩ ሳስቶ ብርሃኑ ወደ ጥልቁ ያልፋል። ካርታው የኮምፒዩተር ስሌት በመሆኑ መስመሩን ተሳስቶ ካሰመረ ቀለሙም ይሳሳታል።

ኦሲቲ በሕክምናው ላይ ያመጣው ለውጥ በአንድ ታካሚ ታሪክ ሊነገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማያሚ ውስጥ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ የተባሉ የሬቲና ሐኪም፣ ሌላ ሕክምና አልበጅ ላላት አንዲት ሴት ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠውን ቤቫሲዙማብ፣ በገበያ ስሙ አቫስቲን፣ በጥቂቱ ዓይኗ ውስጥ ወጉ። በሳምንቱ ኦሲቲ ስትነሳ ከሬቲናዋ ሥር የነበረው ፈሳሽ ጠፍቶ ነበር። ሥራው ሲታተም የዓለም ሐኪሞችን ያሳመነው ያ ፎቶ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ለዓይን ተብሎ የተሠራው ራኒቢዙማብ ተፈቀደ። በ2011 በአሜሪካ መንግሥት ወጪ የተካሄደው ማነጻጸሪያ ጥናት ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ እይታን በማቆየት እኩል መሆናቸውን አሳየ። የዋጋቸው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነበር፦ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አንዱ መርፌ 2,000 ዶላር ገደማ፣ ሌላው 50 ዶላር ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። እንደ እኛ ላለ አገር ከዚህ የበለጠ ዜና አልነበረም።

አቫስቲን ርካሽ የሆነው ለካንሰር የሚሆን አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዓይን ስለሚከፋፈል ነው። ለአንድ ዓይን የሚበቃው 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ሲከፋፈል ንጽሕናው ካልተጠበቀ ዓይንን የሚያጠፋ ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜም መቀመጥ አለበት። «የት ነው የሚከፋፈለው? እንዴት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

መርፌው በየስንት ጊዜ? መጀመሪያ በየወሩ ይሰጥ ነበር። በኋላ ኦሲቲን እያዩ ማራራቅ ወይም ፈሳሽ ሲመለስ ብቻ መውጋት እንደሚቻል ታየ። ለአብዛኛው ታካሚ ሦስት መርፌ በየወሩ ይሰጥና ከዚያ ምስሉ ይወስናል። ደረቅ ከሆነ ቀጠሮው ወደ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይገፋል፤ ከረጠበ ይቀርባል። ከክልል ለሚመጣ ሰው፣ ለአውቶቡስና ለማደሪያ ለሚከፍል ቤተሰብ፣ አንድ የቀነሰ መርፌ ቀላል ነገር አይደለም።

የከተማችን ልማድ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ታካሚ ይዞራል። ቦሌ ይታያል፣ ዋጋው ሲከብደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ወደሚያስተምርበት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወረፋው ሲረዝምበት ጎረቤት ወደመከረው ሌላ ክሊኒክ ያመራል። መዞሩን አልነቅፍም፣ ኪስና ወረፋ ያመጣው ነው። ኦሲቲ ግን የሚጠቅመው ዛሬ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ነው። መሣሪያዎቹ ደግሞ እርስ በርስ አይግባቡም። ምክንያቱም የሬቲናን የታችኛውን ወሰን የሚያሰምሩት በተለያየ ቦታ ነው። አንድ ጤናማ ዓይን መካከሉ ስትራተስ በሚባለው የድሮ መሣሪያ ወደ 200 ማይክሮን፣ በሲረስ ወደ 260፣ በስፔክትራሊስ ወደ 270 ሊነበብ ይችላል። ክሊኒክ የቀየረ ሰው ቁጥሩ በ60 ማይክሮን ጨምሮ ቢያይ በሽታው የባሰ ይመስለዋል፤ የተቀየረው ግን መሣሪያው ነው። የተገላቢጦሹ ይበልጥ ያስፈራል፣ በመሣሪያ ለውጥ የተሸፈነ ፈሳሽ። ስለዚህ ቢቻል ሁልጊዜ በአንድ መሣሪያ ላይ መነሳት ይሻላል። ካልተቻለ የቁራጩን ምስል በሙሉ በፍላሽ መጠየቅ፣ የመሣሪያውን ስም በወረቀቱ ላይ ማየት፣ ወረቀቱንም ሳያጥፉ ማስቀመጥ። በየክሊኒኩ የታካሚን ፎቶ ለታካሚው በዲጂታል መስጠት እስካሁን ልማድ አለመሆኑ ሊስተካከል የሚገባው ጉድለት ነው። ዓይኑም ፎቶውም የታካሚው ነው።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። ወፍራም ሞራ ካለ ብርሃኑ ስለማያልፍ ምስሉ ይደበዝዛል። የሚያርገበግብ ወይም የደረቀ ዓይንም ያበላሸዋል፤ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው የምስል ጥራት ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ እንደገና መነሳት ይሻላል። በሌላ በኩል ሞራ ሊነሳላቸው የተቀጠሩ አረጋውያን አስቀድመው ኦሲቲ ቢነሱ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ለምን አላየሁም?» የሚለው ሐዘን በብዙው ይቀንስ ነበር። ሞራው ተነስቶ ማኩላው ከታመመ ብርሃኑ ይመጣል፣ ፊደሉ ግን አይመጣም።

ሁለት ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ «የዓይን ቪታሚን» መገኘቱ የተለመደ ነው። ቀመሩ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ትልቅ ጥናት ሲሆን፣ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ደረቅ በሽታ ወደ ከባዱ የሚያልፍበትን ዕድል በሩብ ያህል ቀንሷል። ገና ላልጀመረው ሰው ግን መከላከያ አይሆንም፣ የጠፋ እይታም አይመልስም። በመጀመሪያው ቀመር ውስጥ የነበረው ቤታካሮቲን ለሚያጨሱ ሰዎች የሳንባ ካንሰር አደጋ ስለሚጨምር፣ በ2013 በወጣው ሁለተኛ ጥናት በሉቲንና ዚያዛንቲን ተተክቷል። ስለዚህ ብልቃጡን አዙሮ ማንበብ ነው፤ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ ከቪታሚኑ ይልቅ ማጨስ ማቆሙ ለማኩላውም ይበጀዋል።

ሁለተኛው ጸበል ነው። እምነቱን የሚነካ ሐሳብ የለኝም። መርፌ ከተወጉ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን ማንኛውም ውኃ፣ የቧንቧም ይሁን የምንጭ፣ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። መጠመቁን ከመርፌው በፊት ማድረግ ወይም ለሳምንት ማቆየት ይቻላል። መርፌውን ትቶ መሄድ ግን ለእርጥቡ ዓይነት የማይመለስ ጠባሳ መጋበዝ ነው።

ዓለም አሁን ኦሲቲን ወደ ቤት እያስገባው ነው። ታካሚ ሳሎኑ ተቀምጦ ራሱን የሚያነሳበት መሣሪያ በአሜሪካ በ2024 ፈቃድ አግኝቷል። ምስሉን የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እየተፈተነ ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስዊዘርላንዳዊው ማርክ አምስለር በ1940ዎቹ ያዘጋጁት ባለ ካሬ ወረቀት አለ፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ወስዳችሁ መካከሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። የማንበቢያ መነጽራችሁን አድርጉ፣ አንድ ዓይን ሸፍናችሁ ነጥቡን ተመልከቱ፣ ከዚያ ሌላውን። ከ60 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወላጆች ያሏችሁ፣ በየሳምንቱ አድርጉት። መስመሮቹ ከጠመሙ፣ ከተሰበሩ ወይም መካከሉ ላይ ጭጋግ ካረፈ የወር ቀጠሮ አትጠብቁ። የድሮውን የኦሲቲ ወረቀት ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።